ጫንቃው እና ቀላሏ ሌንስ

ሬሳው የተገኘው ሐይቁ ዳር ካለው የወፍ መመልከቻ ማማ ሥር፣ ቄጠማው መሃል ነው። ሟቹ ወፍ በማንሳት ስሙ የገነነ ፎቶ አንሺ ነበር። የማማው አጥር የሰው ደረት ስለሚደርስ ሰው ዝም ብሎ አይገለበጥበትም። ከጃኬቱ ደረት ላይ የተበጠሰ ቁልፍ ደግሞ እላይ፣ የማማው ወለል ላይ ወድቆ ተገኘ። ሌንሱ ያለበት ካሜራም ባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ እንደቆመ ነበር። ገፍተውታል ማለት ነው፤ ለዚህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ማን ገፋው ለሚለው ግን ፖሊስ ብዙም አልተጨነቀም፤ ታናሽ ወንድሙን አፈፍ አድርጎ አሰረ። ልጁ በዚያው ሰሞን በሰው ፊት «ሌንስህን ይዘህ መቃብር ግባ!» ብሎ ወንድሙ ላይ ጮኋል። ማማው ላይ ሲወጣም ያየው ምስክር አለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ያለው ሰው ፖሊስ ጣቢያ ውሎ ሳያድር አልቀረም።

ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው አለቃው ለአንዲት ኢንስፔክተር ወረወረላት፤ «ፈርሚና አሳልፊው» ብሎ። ባልደረቦቿ «ቁንጥጫ» ይሏታል፤ ጥያቄዋ እንደ አክስት ቁንጥጫ ሳያስቡት ያማል። ሳትፈርም ፋይሉን በብብቷ ይዛ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች።

እናትየዋ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። እጃቸውን አንድ ትከሻው የሰፋ፣ ወገቡ ትንሽ የጎበጠ ሰው ይዞላቸዋል።

«ልጄ» አሉ ኢንስፔክተሯን ሲያዩ፣ «አንዱን ቀብሬያለሁ። ትንሹን በቁሙ አትቅበሪብኝ። አፉ ነው እንጂ እጁ ሰው አይነካም።»

«እማማ፣ እውነቱን እፈልጋለሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።»

«አይዞሽ እማዬ» አለ ሰውየው እጃቸውን እያሻሸ።

ይህ ሰው ጫንቃው ይባላል። ወላጆቹ በልጅነቱ ሲሞቱበት እኚሁ ሴት ወስደው ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ሳህን እያጎረሱ አሳደጉት። አድጎም ከታላቁ ልጃቸው አልተለየም። የድሮው ትልቁ ሌንስ የሕፃን ልጅ ያህል ይከብዳል፤ በየረግረጉና በየገደሉ በጫንቃው ተሸክሞ የኖረው እሱ ነው። ፎቶዎቹም በሁለቱ ስም ይወጡ ነበር። ዘንድሮ ግን ሟቹ በአንድ እጅ የምትያዝ አጭርና ቀላል ሌንስ ገዛ። የሩቁን ይበልጥ የሚያቀርበው፣ ኮንቨርተር የሚሉት ተጨማሪ መስታወት እዚያው ሆዷ ውስጥ አለ፤ ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ መግፊያ ወደ ውስጥ ሲሉት ይገባል፣ ሲመልሱት ይወጣል።

ኢንስፔክተሯ ጫንቃውን ወደ በረንዳው ወሰደችው።

«የዚያን ምሽት የት ነበርክ?»

«የሐይቁ ግድብ ላይ፤ በትልቁ ሌንስ ሽመላ እያነሳሁ። ይኸውልሽ።» ስልኩን አወጣ። ሽመላዋ ውሃው መሃል ካለው ምሰሶ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የጀልባ ማረፊያው መብራት ወገግ ብሏል። «ይሄ መብራት ጠፍቶ ነው የከረመው። የተጠገነው የዚያን ዕለት ከሰዓት ነው። በማግስቱ ደግሞ እናንተው አካባቢውን ዘጋችሁት።»

«ስለዚህ ያን ምሽት ካልሆነ በሌላ ቀን ሊነሳ አይችልም።»

«አይችልም።»

«ዋናው ፎቶ ካሜራህ ላይ አለ?»

«ካርዱ ተበላሸብኝ። የተረፈኝ ወደ ስልኬ ያሳለፍኩት ብቻ ነው።»

«አይ ዕድል!» አለች። «ታናሽየውን አየሁት ያልከውስ?»

ጫንቃው አንገቱን ደፋ። «እሱን ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል። ሌንሱን ወደ ማማው ሳዞር ደረጃውን ሲወጣ አየሁት። ልጅ ነው፣ ኢንስፔክተር፤ ተናዶ ነው። እባካችሁ አትጨክኑበት።»

ከበሩ ወዲያ እናትየዋ ሁሉንም ሰምተው ኖሮ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ጫንቃው ሮጦ ገብቶ አቀፋቸው፤ አብሯቸውም አለቀሰ። ላየው ሰው አንጀት ይበላል።

ታናሽየው በእስር ክፍሉ ጥግ ኩርምት ብሎ ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቀው ነው የሄድኩት» አለ። «እላይ መስሎኝ ወጣሁ፤ የለም። ዝቅ ብዬ ሳይ… ፈራሁና ሮጥኩ። ያቺን ሌንስ አውሰኝ ብለው እምቢ ስላለኝ ነው ያን የተናገርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ።»

«ሌንሷን ነካሃት?»

«በፍጹም! በሕይወቱ እያለ የከለከለኝን ሞቶ ነው የምነካው?»

ከዚያ በኤግዚቢትነት የተያዘውን ካሜራ አስመጣች። ሌንሷ ላይ ያለው መግፊያ ወደ ውስጥ ተገፍቷል፤ ኮንቨርተሩ ገብቷል። ካሜራው ውስጥ ያለው የሟቹ የመጨረሻ ፎቶ ግን ያለ ኮንቨርተር መነሳቱን ራሱ ካሜራው መዝግቧል። ኢንስፔክተሯ ቅንድቧን አነሳችና ወደ ሟቹ ሚስት ደወለች።

«ባልሽ ሲመሽ ኮንቨርተሩን ይጠቀም ነበር?»

«ሲመሽ? ኧረ በሞትኩት! የብርሃን ሌባ ነው ይለዋል። ፀሐይ ካዘቀዘቀች አያስገባውም።»

«ሌላ ሰው ሌንሷን ይዞ ያውቃል?»

«እኔ እንኳ አቧራዋን ጠርጌ አላውቅም። አያስነካም ነበር፤ ለጫንቃውም ቢሆን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ነገር አሳፍሮኛል። በሚቀጥለው የፎቶ ኤግዚቢሽን ላይ የሱ ስም የለም፤ ባሌ እኔው እነግረዋለሁ ብሎ ነበር። ነግሮት ይሁን አይሁን እንጃ።»

የመጨረሻው ተጠርጣሪ ካሜራ ጠጋኙ ነበር። እሱም ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ሱቁ ውስጥ ሲሰዳደቡ ጎረቤት ሰምቷል።

«ሌባ አለኝኮ!» አለ ጠጋኙ ገና ሳትጠይቀው። «ለጽዳት አምጥቶ ሲወስዳት መብራት ዙሪያ ቀለበት አወጣችብኝ፣ መስታወቷን ቀይረህብኛል ብሎ አዋረደኝ። እናቷም አባቷም የሠሯት እንደዚህ አድርገው ነው አልኩት።»

«እንዴት አድርገው?»

«ሌንስ ረጅምና ከባድ የሚሆነው በመስታወቱ ብዛት ነው። እቺን ለማሳጠር ውስጧ አንድ የተለየ መስታወት ገብቷል፤ ዲፍራክቲቭ ይሉታል። ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ክብ ክብ ጭረት አለው፤ የብዙ መስታወት ሥራ ብቻውን ይሠራል። ዕዳው ግን ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣባት ነው፤ መብራቱን ባለቀለም ቀለበት ትከብበዋለች። ሲገባው ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ መብራት አዙሯት አያውቅም።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ወጣች። ወዲያው ወደ ጫንቃው ሄዳ ትልቁን ሌንስ እንዲያውሳት ለመነችው። ሳያንገራግር ሰጣት።

«ይከብድሻል፤ ልሸከምልሽ?»

«ግድ የለም፣ ለአንድ ቀን እኔም ልሞክረው» አለች። ግድቡ ጋ ስትደርስ ወገቧ ተቆርጦ ነበር፤ ሰውየው ያን ሁሉ ዘመን እንዴት እንደቻለው ገርሟት ለብቻዋ ተራገመች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፋይሉ ከመሄዱ በፊት፣ ሁሉንም ሟቹ ይሠራበት በነበረው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ እናትየዋን፣ ሚስትየዋን፣ ጠጋኙን፣ ጫንቃውን። ታናሽየው ግን ገና እስር ቤት ነው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ነገርን ከሥሩ እንያዘው» አለች። «ሟቹ የመጨረሻ ፎቶውን ያለ ኮንቨርተር አነሳ። ሌንሷ ስትገኝ ግን ኮንቨርተሩ ገብቷል። ሟቹ ሲመሽ ኮንቨርተሩን አይነካውም፤ ስለዚህ ያስገባው ሌላ ሰው ነው። ለምን? ከማማው ላይ ሆኖ የሩቅ ነገር በጣም ቅርብ ማስመሰል ፈልጎ።»

«ምን ይጠቅመዋል?» አለች ሚስትየዋ።

«ቅርብ ቦታ ነበርኩ ለማለት። ግድቡና ማማው በአንድ መስመር ናቸው፤ ግድቡ ለሽመላዋ ምሰሶ ይቀርባል። ከማማው በኮንቨርተር የተነሳ ፎቶ ከግድቡ በትልቁ ሌንስ የተነሳ ይመስላል። የራሱን ካሜራ ሌንሷ ላይ ገጥሞ አነሳ፣ ከዚያ የሟቹን ካሜራ መልሶ ገጠመው። መግፊያውን መመለስ ግን ረሳ።»

ሁሉም ጫንቃውን አዩት። እናትየዋ ብቻ አላዩትም።

«ኧረ ኢንስፔክተር!» ሳቀ ጫንቃው። «በግምት ሰው ይወነጀላል?»

እሷ ስክሪኑን አበራች። «ይሄ የአንተ ፎቶ ነው። ይሄ ትናንት እኔ ከማማው በቀላሏ ሌንስ ያነሳሁት። ይሄ ደግሞ ከግድቡ በአንተ ትልቅ ሌንስ። መብራቱን እዩት።»

በእሱና በማማው ፎቶ ላይ መብራቱ በቀጫጭን ባለቀለም ቀለበቶች ተከቧል። በግድቡ ፎቶ ላይ መብራት ብቻ ነው።

«ጉም ነው» አለ ጫንቃው። «የሐይቅ ጉም መብራት ይከብባል።»

«ትናንትም ጉም ነበር። በትልቁ ሌንስ መብራቱ ደበዘዘ እንጂ አንድም ቀለበት አላወጣም።»

«ሌንሷ ናት» አለ ጠጋኙ ሳይጠየቅ። «በዚህ ከተማ እንዲህ ያለች ሌላ የለችም።»

«ነውሯን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወደ መብራት አያዞራትም» ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «አንተ የሌንስ ሰው ሆነህ ሳለ ይሄን አላወቅክም። አንድም ቀን ስላላስነካህ።»

የጫንቃው ፊት በአንዴ ተለዋወጠ።

«አላስነካኝም!» ጮኸ። «ዕድሜዬን ሙሉ ተሸከምኩለት፤ ወገቤ የጎበጠው ለማን ነው? ማማው ላይ ወጥቼ ስሜ የት ሄደ አልኩት። እየሳቀ ‹ይቺ በአንድ እጅ ትያዛለች፣ ከእንግዲህ ምን ትሠራልኛለህ› አለኝ። ደረቱን ያዝኩት… ልገድለው አልነበረም። ከዚያ ስወርድ ትንሹ በጭቃው መንገድ ሲመጣ አየሁት።»

«ቄጠማው ውስጥ ተደብቀህ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አይጥ በበላ ዳዋ ይመታ አልክ።»

እናትየዋ ቀስ ብለው ተነሱ። ሚስትየዋ ልትደግፋቸው ብትል እጇን ገለል አደረጉ።

«ልጄ በድሎህ ነበር» አሉት። «እውነት ነው፣ በደለህ። መጥተህ ብትነግረኝ በፊትህ ባዋረድኩት ነበር። መግፋትህንም እሺ፣ ንዴት ነው እንበል። ትንሹስ? ትንሹ ምን አደረገህ? እጄን ይዘህ አብረኸኝ እያለቀስክ፣ አጠገቤ ሆነህ ነው አንገቱ ላይ ገመድ ያስገባህበት?»

ጫንቃው ተንበርክኮ እግራቸውን ሊይዝ ሞከረ።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

እናትየዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ።

«እማዬ የሚሉኝ ልጆቼ ናቸው። እርስዎ ማን ነዎት?»

ያን ሲሰማ እንደ ልጅ ጮኾ አለቀሰ። ፖሊሱ ሰንሰለት አስገብቶ በክንዱ ይዞ አወጣው። ጠጋኙ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ሚስትየዋ ፊቷን ሸፈነች። ኢንስፔክተሯ ስክሪኑን አጠፋች።

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» አሉ እናትየዋ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ዳበሱና ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ።

«ሦስት ልጆች አሉኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ነይ፣ የቀረኝን አንዱን አብረን እናምጣው።»