ሰው አልተሰበሰበም

በሰገነት ከተማ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሴቶች ደረት ይናገራል። «ደህና አደርሽ፤ ንጹህ ነሽ» ይላል። ሴቶቹም ጎረቤት ሰላም እንዳላቸው ሁሉ «ተመስገን» ብለው ፊታቸውን ሊታጠቡ ይነሳሉ። እንግዳ ሰው ቢሰማ ይደነግጥ ይሆናል፤ ወደ ሰገነት እንግዳ ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

የሚናገረው አዳማጭ ነው። አዳማጭ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ልጥፍ ሲሆን ጡት ላይ ተለጥፎ ያድራል። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሥጋ እየላከ ሲመለስ ያዳምጣል፤ ያለቦታው ያበጠ ነገር ካለ ድምፁ ተለውጦ ይመለሳል። ከተማው ይህን ለሴቶቹ ሁሉ በነጻ ያደለው ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሐይቁ ዳር የነበሩት የቀለምና የቆዳ ፋብሪካዎች ከተዘጉ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም የደፉት መርዝ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ከጭቃው ወደ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ ወደ ጎመኑ፣ ከጎመኑ ወደ ሰው ሲገባ ኖሯል። በአንድ ፎቅ ላይ ሦስት አራት ሴቶች በጡት ካንሰር መታመማቸው ማንንም የማያስገርምበት ዘመን ነበር። ፍርሃት ባለበት ደግሞ መድኃኒት ሻጭ አይጠፋም። ሰገነት ውስጥ መርዝ የሚመጥ ሳሙና፣ መርዝ የሚመጥ ፍራሽ፣ መርዝ የሚመጥ ማስቲካ ሳይቀር ይሸጣል።

ውዳላት የተበላሹ አዳማጮችን ትጠግናለች። በአዳማጭ መጠገኛ ጣቢያው አስራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አንድ ሐሙስ ታላቅ እህቷ ምንትዋብ የራሷን ልጥፍ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

«ይኼ ነገር ያመነታል» አለች፣ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ እየፈታች።

«እንዴት ነው የሚያመነታው?»

«'ደህና አደርሽ' ይላል። ከዚያ ዝም። ጥርሴን ቦርሼ ልጨርስ ስል 'ንጹህ ነሽ' ይላል። ብርጭቆ ሰብሮ የደበቀ ልጅ ነው የሚመስለው።»

ውዳላት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። እህቷ ከስታለች። በየእሁዱ ሲገናኙ እንዲህ አልነበረችም። እርግጥ ነው፣ በየእሁዱ የሚገናኙት በጥላ ነው። ጥላ ማለት ከብርሃን የተሠራ የሰው አምሳያ ነው፤ አንቺ ቤትሽ ሆነሽ አምሳያሽ እህትሽ ቤት ሄዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ይስቃል፣ ያወራል። ጥላ ያሳምራል፣ ጉንጭም ይሞላል። ሁለቱ በአካል ከተያዩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ያኔ የተገናኙት ለእናታቸው ለቅሶ ነበር። እናታቸው የሞቱት በዚሁ በሽታ ነው።

«ወገብሽ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ እታለም?»

«የዮፍታሔ ቀበቶ ነዋ። መርዙን በላብ መጥጦ ያወጣል።»

«መርዝ በላብ እንዲያ አይወጣም።»

«አንቺ ደግሞ! ከለቅሶው ማግስት ጀምሮ አስሬዋለሁ፤ ንጹህ ነሽ ሳይለኝ የዋለበት ቀን የለም። በየሳምንቱ ከቀበቶው የሚወጣውን ጥቁር ነገር አይተሽው ቢሆን!»

ውዳላት ጥቁሩን ነገር ታውቀዋለች። ላብ ሲነካው የሚጠቁር ጨርቅ ነው፤ የማንም ላብ፣ የሯጭም የሕፃንም። ይህን ስንት ጊዜ ለስንት ሰው አስረድታለች።

«የሆስፒታሉንስ ምርመራ ሄድሽ?»

«ንጹህ ሆኜ ሳለ ለምን ብዬ ጡቴን በብረት አስጨፈልቃለሁ? በቃ ይልቅ ይኼን ምላሱ የተያዘ ጠግኚልኝ።»

ውዳላት ልጥፉን ይዛ ወደ ጓዳው ገባችና ከመሣሪያው ጋር አገናኘችው። የሚያመነታ ልጥፍ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። የልጥፉ ሽቦ ያረጀ መስሏት ነበር። ከሽቦው በፊት ግን የሌሊት መዝገቡ ተከፈተ፦

«ግራ ጡት። እብጠት፣ አስራ አንድ ሚሊሜትር። ውጤቱ ተይዟል። ምክንያት፦ ሰው አልተሰበሰበም።»

ቀኑ የዛሬ ሰባት ወር ነበር። የማግስቱም እንዲሁ። የሚቀጥለውም። መዝገቡን ወደ ታች ስትገፋው እብጠቱ አስራ አራት ሆነ፣ አስራ ስምንት ሆነ። የትናንቱ እንዲህ ይላል፦ «ሃያ ሦስት ሚሊሜትር። ብብት ስር ሁለት ዕጢ። ውጤቱ ተይዟል። ሰው አልተሰበሰበም።»

የጣቢያውን አንጋፋ መሐንዲስ ሲራክን ጠራችው። ሲራክ አዳማጭን ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነው፤ ጡረታው ደርሶ እንኳ ከጣቢያው መውጣት ያልቻለ ሽማግሌ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አነበበና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«አልተበላሸም» አለ።

«ጋሽ ሲራክ፣ ሰባት ወር ዋሽቷታል!»

«የመጀመሪያዎቹ አዳማጮች ያገኙትን እንዳገኙት ይናገሩ ነበር። ሴትየዋ አልጋዋ ላይ ሳለች፣ ብቻዋን፣ 'ካንሰር አለብሽ'። ከተማው አበደብን። ባሉም ወንድሙም እዚህ ድረስ መጥቶ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ለሰው እንዲሁ ይወረወራል ብሎ ሊደበድበን ነበር። እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ አስተማርነው።»

«ምን አስተማራችሁት?»

«መርዶ። በየቤቱ መርዶ ሲነገር የተቀዳ ድምፅ ሰብስበን አሰማነው። እኛ ሕግ አልጻፍንለትም፣ ሰምቶ ነው የተማረው። ከሰማው ሁሉ ደግሞ ከሦስት ሰው ባነሰ የተነገረ አልነበረም። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ ይቆጥራል። ከእሷ ሌላ ሦስት እስኪሞላ ይጠብቃል። እስከዚያው ደህና ነሽ ይላታል። እኛስ ዘመድ እስኪሰበሰብ 'ትንሽ አሞት ነው' እንል የለ?»

«ጥላ አይተነፍስም» አለች ውዳላት። ስምንት ወር ሙሉ በየእሁዱ እህቷ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አንድም ጊዜ ግን አልተቆጠረችም።

ሲራክ ዋናውን መዝገብ ከፈተ። ውጤታቸው የተያዘ አራት ሺህ አንድ መቶ አስራ ሁለት ሴቶች አሉ። ሁሉም ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ውዳላት ከጣቢያው በር ፊት ለፊት የተሰቀለው የዮፍታሔ ማስታወቂያ ትዝ አላት፦ «ቀበቶዬን ካሰሩት አንዷም አልታመመችም፤ ምስክሩ አዳማጭ ነው።» ምስክሩ ሰው እየጠበቀ ነበር።

«ይክፈቱት» አለች። «አሁኑኑ ለሁሉም ይናገር። ሰው እኮ እየገደለ ነው!»

«እከፍተዋለሁ። ነገ ጠዋት አራት ሺህ ሴት አልጋዋ ላይ ብቻዋን ትሰማለች። ማን ይይዛቸዋል?»

«ቀድመው ይህን አላሰቡም?»

«አላሰብንም» አለ ሽማግሌው። «ሦስት ሰው የማይገባበት ቤት ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኛ እኮ ሰው በብዛት መጥቶ ሲያስቸግረን ነው የምናውቀው።»

ውዳላት በሩን በርግዳ ወጣች። አሁን እነግራታለሁ፣ በአንድ ትንፋሽ እነግራታለሁ ብላ ነው የወጣችው። ምንትዋብ ከቦርሳዋ ቆሎ እየዘገነች ትቆረጥማለች።

«እህሳ፣ ምን ሆነ?»

ውዳላት አፏን ከፈተች። እህቷን አየቻት፤ ጉንጯን፣ ጥርሷ ላይ የቀረችውን የገብስ ገለባ።

«ማጽዳት ብቻ ነው የሚፈልገው» አለች። «ነገ ጠዋት ቤትሽ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«በአካል?»

«በአካል።»

ምንትዋብ እንደ ሕፃን ፈነደቀች። «ቁርስ እሠራለሁ! በጠዋት ነይ!» ብላ ቆሎውን ዘግና እህቷ መዳፍ ላይ አስቀምጣላት ሄደች። ውዳላት ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ያዘነችው ለእህቷ ነው፤ ያፈረችው ግን በራሷ ነው።

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሆስፒታል ደወለች፤ ለነገ አራት ሰዓት ቀጠሮ ያዘች። ለአጎቷ ደወለች፤ «በጥላ ልድረስ» አላት። ሁለት የአክስት ልጆቿም ያንኑ አሏት። እሺ ያለው ሲራክ ብቻ ነበር፤ ሦስት አልሞሉም። እንግዲያው አዳማጩ ይቅር፣ እኔው እነግራታለሁ ብላ ወሰነች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውዳላት ሲራክን ይዛ ስትደርስ በምንትዋብ ጠረጴዛ ላይ ፍርፍርና እንቁላል ቀርቦ ነበር። ወንበሩ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ጎልማሳ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ዘርግቷል።

«ይኼ ዮፍታሔ ነው፣ ባለ ቀበቶው» አለች ምንትዋብ። «በየሳምንቱ አርብ ጨርቁን ሊቀይርልኝ ይመጣል። ቁርስ ሳትበላ አትሄድም ብዬው ነው። ግቡ ግቡ! አባቴ፣ እርስዎም ይቀመጡ።»

ልጥፉን ከውዳላት እጅ ተቀብላ ወደ ግድግዳው ዞር አለችና ለጠፈችው። ወደ እነሱ ስትመለስ ግን ፊታቸውን አየች። ሲራክ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ውዳላት ዓይኗን ሰብራለች። በማለዳ ቤትዋ ሰው ተሰብስቧል።

«ማን ሞተ?» አለች።

ወደ እህቷ ዞረች።

«ውዴ፣ ማን ነው የሞተው? ንገሪኝ እንጂ!»

ያኔ፣ ሦስት ትንፋሽ ቆጥሮ፣ አዳማጩ ተናገረ። ድምፁ የወትሮው አልነበረም፤ የአንዲት አረጋዊት ነርስ ድምፅ ነበር። «ምንትዋብ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ። ሰው አጠገብሽ አለ» አለ። ከዚያ የያዘውን ሁሉ ቀስ ብሎ ነገራት። ውዳላት ከኋላዋ አቅፋ ይዛታለች። ሲራክ መሬት መሬት ያያል።

ሲያበቃ ፍርፍሩ ቀዝቅዞ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ምንትዋብ።

«ሰባት ወር» አለች ውዳላት።

«ያኔ ነግሮኝ ቢሆንስ?»

«ያኔ ብብትሽ ጋ አልደረሰም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ሦስት ሰው እስኪሰበሰብ እየጠበቀ ነበር።»

ምንትዋብ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። «እኔም እኮ ስጠብቅ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

የውዳላት ንዴት ገንፍሎ ዮፍታሔ ላይ ወረደ። «አንተ! በየሳምንቱ እዚህ እየገባህ፣ በዚህ ጨርቅ እያታለልካት፣ ምርመራዋን ያስተውካት አንተ ነህ!» ዮፍታሔ ግን የሰማት አይመስልም። ቆሞ ጥቁሩን ጨርቅ በጣቱ ይፈትጋል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ለእናቴም አስሬላታለሁ» አለ። «የመጀመሪያውን ለእሷ ነው ያሰርኩት። አምኜበት እኮ ነው።»

«እናትህ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» አለ ሲራክ።

«ብቻዋን» አለ ዮፍታሔ። «በእግሬ ከሄድኩ... ጊዜ የለኝም ነበር፤ ደንበኛ ይበዛብኛል። በጥላ ነው የማያት።» ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። ማንን እንደሚለምን ያላወቀ ሰው ይመስል ነበር። «ሦስት ሰው ያስፈልጋል ነው ያላችሁት?»

ሲራክ የጣቢያው ሠራተኞች ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሦስት ሦስት ሆነው ቤት ለቤት መውጣታቸውን ነገረው። ግን ሁሉንም ለማዳረስ ወር ሁለት ወር ይፈጃል፤ የእናቱ ተራ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም።

«ወደ ሆስፒታል የምንሄደው ስንት ሰዓት ነው?» አለች ምንትዋብ በድንገት።

«አራት ሰዓት» አለች ውዳላት።

«ገና ነው።» ነጠላዋን ከወንበሩ ጀርባ አነሳች።

«እታለም፣ አንቺ ዛሬ ለሰው የምትሆኚበት ቀን አይደለም። እሱ ደግሞ...»

«እሱን ለእግዜር ትቼዋለሁ። ሴትየዋ ሳትሰማ ትቅር?» አለች ምንትዋብ። ቀድማቸውም ወጣች።

የዮፍታሔ እናት ወይዘሮ አዛለች የሚኖሩት በሦስተኛው ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ሲከፍቱ ልጃቸውን አዩና መጀመሪያ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ነካ አደረጉት። ጥላ እንዳልሆነ ሲያረጋግጡ ሳቃቸው ኮሪደሩን ሞላው።

«በእግርህ መጣህልኝ? ሰውም ይዘህልኝ! በሉ ግቡ፣ ምን ቆማችሁ?»

ገቡ። ምንትዋብ ከአሮጊቷ ጎን ተቀምጣ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። አዳማጩ አልተናገረም። ንጹህ ስለሆኑ ይሁን ሌላ፣ ማንም አላወቀም።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ ወይዘሮ አዛለች። «ተጫወቱ እንጂ።»

ውዳላት ያኔ ነው ያስተዋለችው። ከበሩ ጀምሮ አራቱም ትንፋሻቸውን ውጠዋል፤ እሷ ራሷ ደረቷ ሊፈነዳ ደርሷል። ተመካክረው አይደለም፤ እነዚያን የሚስቁ ዓይኖች እያየ መቆጠር የፈለገ ስላልነበረ ነው።

መጀመሪያ ምንትዋብ ተነፈሰች፣ ረጅም አድርጋ። ቀጥሎ ሽማግሌው ሲራክ አልቻለም፤ እያሳለ ለቀቀው። ውዳላት ከንፈሯን እንደነከሰች ዮፍታሔን አየችው። ዮፍታሔ የእናቱን ፊት ሲመለከት ቆየ። ሦስተኛው ትንፋሽ የእሱ ነበር።