እርጥብ እፍኝ

«ገና አልደረቀም በይው» አለች ሴሬያና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሥር ደቂቃ ይቆይ። እንዲህ እንዳለ እንዳይጨምቀው።»

ላይሳኒ ባልዲዋን አስቀመጠችና አንገቷን አስግጋ ተመለከተች። ኮኮናት ከሚደርቅበት የጋለ ብረት ማዶ ዋይሳኬ ጎንበስ ብሎ የተፈቀፈቀውን ኮኮናት በእንጨት ያገላብጣል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል።

«እሺ አለቃዬ» አለች ላይሳኒ። ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች። «አንተ የሱቫ አራዳ! ኮኮናትህ እያለቀሰ ነው እኮ! ከተማ ስትኖር ካልሲ ማድረቅ እንኳ አላስተማሩህም? አሥር ደቂቃ አባብለው እንጂ!»

ዋይሳኬ ቀና ሳይል ሳቀ። «መጀመሪያ አንቺ አፍንጫሽን አድርቂ!»

የሚፈቀፍቁት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ሴሬያናም ፈገግ አለችና እሳቱን ለማየት ዞረች። ስትመለስ ግን ዋይሳኬ ኮኮናቱን በዘይት መጭመቂያው ቱቦ ውስጥ እየሞላ ነበር። አሥር ደቂቃ ይቅርና ሁለትም አልሆነ።

ከምትቆምበት ሆና በደንብ ይታያታል። በቱቦው አፍ ላይ የቀረው ኮኮናት እንደ ጭቃ ተጓጉሏል። አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ለላይሳኒ ልትነግራት ዞር አለች፣ ላይሳኒ ባልዲዋን ይዛ ወጥታለች።

«አንድ ቱቦ ነው» አለች በሆዷ። «አንድ ቱቦ ምን ያመጣል?»

ዋይሳኬ የሴሬያና የአባቷ ወንድም ልጅ ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ የአባት ወንድም ልጅ ወንድም ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሴት ልጅ ከፍ ስትል ደግሞ ወንድሟን ፊት ለፊት አታናግርም፣ በስሙ አትጠራም፣ አትቀልድበትም። ይህ ማክበር እንጂ ጥል አይደለም። ሴሬያና ዘጠኝ ዓመት እስኪሆናት ድረስ ከዋይሳኬ ጋር ሸርጣን ስታባርር ነው ያደገችው። ወንዙ ሞልቶ ከትምህርት ቤት መመለሻ ባጡበት ቀን አንገቱ ላይ አስቀምጦ ያሻገራት እሱ ነው። ከዚያ አንድ ቀን እናቷ «ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ነው፤ አክብሪው» አለቻት፤ በቃ። ሰባት ዓመት ሆነ። በመካከል የሚነገር ነገር ከተገኘ ሌላ ሰው ያደርሰዋል።

ላይሳኒ ደግሞ ለዋይሳኬ የእናቱ ወንድም ልጅ ናት። እንዲህ ያሉ ዘመዶች ሲገናኙ መሰዳደብና መተራረብ ግዴታቸው ነው። ላይሳኒ አንድ ቀን ሳትሰድበው ብታልፍ አሟት ይሆን ብሎ ቤቷ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ መልእክት ለማድረስ ከእሷ የሚሻል ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ከእሷ አፍ የሚወጣው ሁሉ ለዋይሳኬ ጨዋታ መሆኑን ሴሬያና ማሰብ ነበረባት። አላሰበችም።

የዘይት መጭመቂያው ኃላፊ እትዬ ማኬሬታ የዚያን ቀን ሰኞ ጠዋት ዓይናቸውን ለመታከም ላባሳ ከተማ ሄደው ነበር። ከመሄዳቸው በፊት የመጭመቂያ ቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ለሴሬያና ሰጧት። «ሦስት ቀን ነው» አሏት። «ሥራውን ታውቂዋለሽ። አዲሱን ልጅ፣ ዋይሳኬን ደግሞ አስተምሪው።»

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤት እረፍት እዚህ ስትሠራ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በዕድሜ ከሷ የሚያንስ ሠራተኛ የለም፤ አንዳንዶቹ ሴቶች ቁልፉን በእሷ አንገት ላይ ሲያዩ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ሆኖም የኮኮናቱን ድርቀት በእጅ ከሚለዩት ሁለት ሰዎች አንዷ እሷ መሆኗን ሁሉም ያውቃል።

እትዬ ማኬሬታ ሲያስተምሯት ብዙ አይናገሩም ነበር። ከጋለው ብረት ላይ አንድ እፍኝ ያነሱና መዳፏ ላይ ያደርጉታል። ከዚያ ጣቶቿን በራሳቸው ጣቶች ጨብጠው ይዘጉታል። «እ? ምን አለሽ?» ይላሉ። መዳፏ ሲከፈት ኮኮናቱ እንደተጨበጠ ከቀረ እርጥብ ነው። እንደ ደረቅ አሸዋ ከፈሰሰ ደርሷል። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ተሳስታለች። እሳቸው አልተቆጡም፤ ዝም ብለው ሌላ እፍኝ ይሰጧታል።

ሰኞ ከዋይሳኬ ቱቦ የወጣው ዘይት ነጣ ያለ ነበር፤ ውኃ አለበት ማለት ነው። ሴሬያና አየችው። ከሳምንቱ ዘይት ጋር በርሜሉ ውስጥ ሲገለበጥም አየች። ማክሰኞን እንዲያው ስትፈራ ዋለች።

ረቡዕ ጠዋት የበርሜሉ ክዳን ሲነሳ መጀመሪያ የደረሰው ሽታው ነው። ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ቲቲሊያ አፍንጫቸውን አስጠግተው ወዲያው ቀና አሉ።

«ኮምጥጧል» አሉ።

ሐሙስ የዘይት ገዢው ጀልባ ይመጣል። ባለፈው ዓመት አንድ በርሜል ተበላሽቶ ሲመለስ ገዢው «ይህ ከተደገመ ሌላ መንደር እፈልጋለሁ» ብሏል። በዚህ በርሜል ውስጥ የሰባት ሴቶች የሳምንት ልፋት አለ። አሁን ለሳሙና ካልሆነ ለምንም አይሆንም።

«ማን እንዳደረገው ማወቅ ያቅታል?» አሉ እማማ ቲቲሊያ፣ ወደ በሩ እያዩ። ዋይሳኬ ደፉ ላይ ቆሟል። «ሱቫ ሄዶ ትምህርቱን ጥሎ መጣ። አሁን ደግሞ የእኛን ጣለ። ማኬሬታ ዛሬ ከሰዓት ትመለሳለች፤ ይሂድልን እላታለሁ።»

«የደረቀ መስሎኝ ነው» አለ ዋይሳኬ። «ማንም አልነገረኝም።»

«እንዴ! እኔ ነግሬሃለሁ!» ላይሳኒ ጮኸች። «አሥር ደቂቃ ይቆይ ብዬሃለሁ!»

«አንቺ? አንቺ ደግሞ መቼ ቁም ነገር አውርተሽኝ ታውቂያለሽ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ያስቃል። አሁን ግን የላይሳኒ ዓይኖች እንባ ሞሉ።

ሴቶቹ ወደ ሴሬያና ተመለከቱ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ብትል ይበቃታል፤ «ሰኞ መልእክት ልኬለት ነበር።» እውነት ነው፤ ላይሳኒም ትመሰክርላታለች። ቁልፉ ሌላ ጊዜም ለእሷ ይሰጣል፤ ዋይሳኬ ስሙ እንደጠፋ ይሄዳል፤ ለሁለተኛ ጊዜ። ያንን ቁልፍ ወዳዋለች፤ ያፈረችውም በዚህ ነው። ምንም ሳትል ወደ ሥራዋ ሄደች።

እትዬ ማኬሬታ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ሲደርሱ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። እማማ ቲቲሊያ ሁሉንም ነገሯቸው። እትዬ ማኬሬታ ጣታቸውን ዘይቱ ውስጥ ነክረው አሸተቱ፤ በቀሚሳቸው ጠረጉት።

«ማን ነው ያደረቀው?»

«ዋይሳኬ!» አሉ ሦስት ሴቶች ባንድ ድምፅ።

ዋይሳኬ «አዎ» በሚል ራሱን ነቀነቀ። ጆሮ ግንዱ ላይ አንድ ደም ሥር ሲመታ ሴሬያና አየች። ወንዙን ሲያሻግራት እጇን ያሳረፈችው እዚያ ላይ ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ቱቦው ውስጥ ሲገባ እርጥብ መሆኑን አይቻለሁ። መልእክት ልኬ ነበር፤ ግን እንዳልሰማ ገብቶኝ ነበር። ማስቆም እችል ነበር። ዝም አልኩ። ዘይቱ በርሜሉ ውስጥ ሲገባም ዝም አልኩ።»

«አይ ልጄ» አሉ እማማ ቲቲሊያ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «ምን ታደርጊ? ወንድምሽ አይደል እንዴ? ማን ይፈርድብሻል?»

ሴቶቹ «እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከልባቸው ነበር። ሴሬያና ማልቀስ አማራት፤ እዚያው ይቅር ተብላ ልትቀመጥ ትችላለች።

«ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ» አለች። ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀችና ለእትዬ ማኬሬታ ዘረጋችላቸው።

እትዬ ማኬሬታ አልተቀበሏትም። በአንድ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩዋት።

«እሳቱ የወንድምሽን ልብስ ቢይዘውስ?» አሉ። «ማንን ትልኪ ነበር?»

መልስ ሳይጠብቁ ለገዢው ለመደወል ስልካቸውን ይዘው ወጡ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «እስከሚቀጥለው ሐሙስ ታግሶናል» አሉ። «ከዚያ ወዲያ የለም። ማንም አይሄድም፤ እጅ ያንሰናል። ነገ ሁላችሁም በጠዋት።»

ያን ምሽት እናቷ ጎደሬ በአሳ አቀረበችላት። ሴሬያና ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው። ያ ጥያቄ አልለቀቃትም። ልብሱን ቢይዘው በስሙ እንደምትጮህ ታውቃለች፤ ማንም ምንም ቢላት ትጮሃለች። እሳት እስኪይዘው ለምን መጠበቅ እንዳለባት ግን ሊገባት አልቻለም።

ሐሙስ ጠዋት ጀልባው ባዶውን ሲሄድ የሞተሩ ድምፅ እስከ መጭመቂያው ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ መፈቅፈቃቸውን አላቆሙም። ዋይሳኬ ውጭ፣ የኮኮናት ቅርፊቱ ክምር ላይ ተቀምጧል። ይግባ አይግባ የቆረጠ አይመስልም።

ሴሬያና እሳቱን አነደደች። ብረቱ ሲግል የመጀመሪያውን ኮኮናት ራሷ ዘረጋችበት። ከዚያ ማገላበጫውን ዋይሳኬ በሚቆምበት በኩል አጋድማ አስቀመጠችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ገባ። ማገላበጫውን አነሳ። ሴሬያና እንደ ሰኞው ከማዶ አልቆመችም። ከጎኑ፣ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ቆመች። ሁለቱም ብረቱን ብቻ ያያሉ።

ጥቂት ቆይታ አንድ እፍኝ አነሳችና ጨበጠች፤ እሱ እንዲያይ መዳፏን ከብረቱ በላይ ከፈተችው። ኮኮናቱ የጣቶቿን ቅርጽ እንደያዘ ቀረ። መልሳ በተነችው። ዋይሳኬ አገላበጠ። እሱም አንድ እፍኝ አነሳ፤ ጨበጠ፤ ከፈተ። ግማሹ ፈሰሰ፤ ግማሹ ተጣበቀ። ግራ ገባው። ዓይኑን ከብረቱ ሳያነሳ መዳፉን ቀስ ብሎ ወደ እሷ በኩል ዘረጋ።

ሴሬያና በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

ላይሳኒ ከማዶ ባልዲዋን ይዛ ትጠብቃለች። የምትላክበትን ነገር ለመስማት አንገቷን አስግጋለች፤ ፊቷ ላይ ዛሬ ቀልድ የለም። ሴቶቹ መፈቅፈቃቸውን ቀነስ አደረጉ። እትዬ ማኬሬታ በሩ አጠገብ ቅርፊት ይለቅማሉ፤ ቀና አላሉም።

ሴሬያና ወደ ላይሳኒ ልትዞር ፈልጋ ነበር። አልዞረችም። ዓይኗን ከጋለው ብረት ላይ ሳትነቅል፣ ከጎኗ ላለ ሰው በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ገና ነው።»

ዋይሳኬ የያዘውን እፍኝ ብረቱ ላይ መልሶ በተነ።

«እሺ» አለ፣ እሱም ወደ ብረቱ። «ስንት ደቂቃ?»

«አምስት። ከዚያ መልሰህ ጨብጠው።»

ላይሳኒ ባልዲዋን አንጠልጥላ ውኃ ልትቀዳ ወጣች።