የጥጉ ጠረጴዛ ምሳ

ሟቹ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በሩዝ ጆንያዎች መሃል በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ የነጭ ሽንኩርት መውቀጫው የብረት ዘነዘና ወድቋል። ሰውየው የሰፈሩ ሰው በርካሽ ምሳውን የሚበላበት የቻይና ምግብ ቤት ባለቤት ነበር።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችውና ቀና አለች። ዕቃ ቤቱ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ማብሰያው፣ ሌላው ወደ እጅ መታጠቢያው መተላለፊያ ይከፈታል።

«ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለች የሟቹ ሚስት ከበሩ ላይ። ዓይኗ ደረቅ ነው። «አብሳዩ ነው። ጠዋት ‹አንድ ቀን እደፋሃለሁ› ሲለው ሁላችንም ሰምተናል።»

አብሳዩ እጁ በካቴና ታስሮ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ብለሃል?» አለችው መርማሪዋ።

«ብያለሁ። እሱም ይለኛል። የዛሬው ጠባችን በጨው ነው።»

«ሰው በጨው ይጋደላል?»

«እዚህ ቤት በውሃም ይጋደላል። እኔ ግን አልገደልኩም። ሁለት ልጅ ብቻዬን ነው የማሳድገው፤ ከወሰዳችሁኝ ከትምህርት ቤት የሚቀበላቸው የለም።»

«አሁን ልጆቹ ትዝ አሉት» አለች ሚስትየው።

አስተናጋጇ ቀረበች። «ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሶፍት ላወጣ ስገባ ጋሼ ደህና ነበሩ፤ እንደውም ሰደቡኝ። ስድስት ተኩል ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸውና ጮህኩ።»

«በዚያ መሃል ስንት ሳህን ወጣ?»

«አስራ አንድ። ሁሉንም ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

«ያረረ አለበት?»

«የለበትም።»

መርማሪዋ ወደ መመገቢያው ወጣች። በመተላለፊያው አፍ ላይ፣ በጥጉ ጠረጴዛ፣ የጎረቤት ሱቅ ልብስ ሰፊ ተቀምጧል። ፊቱ ያለው የሩዝ ሳህን ብዙም አልተነካም።

«እርስዎና ሟቹ እንዴት ነበራችሁ?»

ከኋላ ሚስትየው ሳቀች። «ስምንት ዓመት ሲካሰሱ! ጭስ ማውጫችን ሱቄ ውስጥ ይተፋል እያለ።»

«ይተፋል እንጂ» አለ ልብስ ሰፊው። «የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ፊቴ ላይ ወርውራልኝ ሄደች።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አመጣዎት?»

«ራበኝ። ለሆዴ እንጂ ለፍቅር አልመጣሁም።»

«ምን በሉ?»

«የቀኑን ምሳ። ሾርባዬን ጠጥቼ ከሩዙ ሁለት ማንኪያ እንደቀመስኩ ጩኸት ሰማሁ። ከወንበሬ አልተነሳሁም። በዚህ በኩል ዝንብ አላለፈችም፤ ገዳዩ በማብሰያው በር ነው የገባው።»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አነበበች፦ «የቀኑ ምሳ፦ ሾርባ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ አትክልት»። ተመልሳ ማብሰያው ውስጥ ገባች። የሾርባው ድስት እስከ አፉ ሞልቷል፤ ላዩ ላይ ስብ ረግቷል። የሾርባ ጎድጓዳ ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ እንደተደፉ ናቸው፤ አንዱን ገልብጣ በጣቷ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው። አስተናጋጇን ወደ ጥግ ወስዳ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ከዚያ ሁሉንም በትልቁ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ዘነዘናው ሁልጊዜ የሚቀመጠው እዚያው ዕቃ ቤት ነው፤ ስለዚህ የገባ ሁሉ ሊያነሳው ይችላል» አለች። «አብሳዩ በሩብ ሰዓት አስራ አንድ ሳህን ጠብሷል። ይህ እሳት ለአፍታ ዞር ካሉ ያሳርራል፤ አንድም አላረረም። ያቺ ልጅ አስራ አንዱን ስታደርስ ነበር። እመቤቲቱ ገንዘብ መቀበያው ላይ፣ ከምሳ በፊት ሊከፍል በተሰለፈው ሰው ፊት ነበሩ።»

«እኔም ወንበሬ ላይ ነበርኩ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሾርባ እየጠጡ?»

«አዎ።»

«በዚህ ቤት ሾርባ የሚቀርበው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ከቀረበ ሰው ሩዙን ይተወዋል ብለው ባለቤቱ ያወጡት ደንብ ነው። ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህን ቤት ግን የእርስዎ እግር ለስምንት ዓመት አልረገጠውም። ልጅቷ ስትጮህ ከድስቱ ገና አንድ ጭልፋ አልተቀዳም ነበር፤ የሾርባ ሳህኖቹም እንደደረቁ ናቸው። የነገሩኝ የበሉትን አይደለም፤ ሰሌዳው ላይ ያነበቡትን ነው። ምግቡ ሲመጣ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ልጅቷ እጅዎን ሊታጠቡ የሄዱ መስሏት ሳህኑን አስቀምጣ አለፈች። በዚህ በኩል ማንም እንዳላለፈ ደግሞ ራስዎ መስክረዋል።»

ልብስ ሰፊው መርፌ የወጋጋቸውን ጣቶቹን ተመለከተ።

«‹ጭሱን አዙረው› አልኩት» አለ። «ፊቱን እንኳ አላዞረም። ‹ሙሽሮችህ ይልመዱት› አለኝ።»

ካቴናው ከአብሳዩ እጅ ወደ ልብስ ሰፊው እጅ ተዛወረ። ሚስትየው ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

«በል፣ አንተ ነገ በጊዜ ግባ» አለችው አብሳዩን።

አብሳዩ ሽርጡን ፈታ፤ አጣጥፎ ፊቷ አኖረው።

«ነገ ራስዎ ይጥበሱ፣ እትዬ» አለ። የግድግዳውን ሰዓት አየና ወደ ትምህርት ቤቱ ለመድረስ እየተጣደፈ ወጣ።