ጨው የሚያወጣው ግድግዳ

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ግድ የለኝም። ባሌን እንኳ ለማሳመን ስንት ለፋሁ። ግን ሆኗል...

የሆነው በነሐሴ ወር፣ በበጋው ሙቀት፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ በፈረንሳይዋ የጨው ከተማ ጌራንድ ውስጥ፣ በገዛ ቤቴ ነው።

ቤታችን ከከተማው የጥንት ግንብ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። የኋላው ክፍል ግድግዳ ራሱ ግንቡ ነው። መስኮት የለውም።

ባሌ የባሕር ውሃ እያደረቀ ጨው ከሚያመርትበት ማሳ የሚመጣው ነፋስ ድንጋዩን ያረጥበዋል። ሲደርቅ ነጭ ጨው ያወጣል። ይሄ ያለ ነገር ነው፤ በጨርቅ እጠርገዋለሁ።

አንድ ቀን ግን ልጠርግ ስገባ...

አንድ ቦታ ተጠርጓል።

ከወለሉ እስከ ጉልበቴ፣ መዳፍ የሚያህል መስመር። እርጥብ ነው።

ነካሁት።

ሞቅ ይላል።

ባሌ ጎልቨን ከማሳው ሲመለስ አሳየሁት። የጎረቤት ፍየል ልሳው ይሆናል አለ። በሩ ተቆልፎ ነበር ስለው፣ እንግዲያው ፍየሏ ቁልፍ አላት ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ መስመሩ ወገቤ ደረሰ። ከዚያ ደረቴ... ከዚያ ልክ ፊቴ ትይዩ።

ግንበኛ ጠራሁ። እርጥበት ነው ብሎ በኖራ ለስኖት ሄደ። ኖራውም ጨው አወጣ።

እሱም ተላሰ።

"ጎልቨን፣ ይሄን ቤት እንልቀቅ" አልኩት።

"ሶዋዚግ፣ ግድግዳ አኩርፈሽ?"

"አንድ ቀን አብረኸኝ ቁጭ ብለህ ብታየው ምን ነበረበት?"

"ነገ።"

ሁልጊዜ ነገ። ዝናብ ሳይመጣ ጨዉን መሰብሰብ አለበት፤ ያለዚያ ክረምቱን የምንበላው የለም። አውቃለሁ። ግን እኔ ብቻዬን ከዚያ ግድግዳ ጋር ስውል እብድ ልሆን ነው።

በመጨረሻ ጠዋት ስገባ፣ ግድግዳው ላይ ቅንጣት ጨው የለም። እስከ ጣሪያው ድረስ ንጹህ።

አለቀ ብዬ ደስ አለኝ...

አስር ሰዓት ላይ ጎልቨን ገባ። ሸሚዙን አውልቋል። ላቡ ደርቆ ጀርባው በጨው ነጭ በነጭ ሆኗል።

"በይ፣ ዛሬ እንየው" አለ። በእልህ በርጩማ ይዞ ወደ ኋላው ክፍል ገባና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።



ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። ቀና ሳይል ፈገግ አለ።

"ተይ፣ ሶዋዚግ" አለ ቀስ ብሎ። "ይኮረኩረኛል።"

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ከፊት ለፊቱ።