የመንጋጋ ጾም

«ያስገባነው የለም» አለ ዶክተር ሳህሉ፣ የራጁን ፊልም ጉም ወደ ሸፈነው መስኮት ከፍ አድርጎ እያየ።

ሐሴት ከሕክምናው ወንበር ላይ ቀና አለች። «የለም ማለት? የት ሄደ?»

«አንቺው በላሽዋ!» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከስድስት ወር በፊት ከታችኛው መንጋጋዋ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ወጥቶላት ነበር። ዶክተሩ የቀረውን ጉድጓድ አሸዋ በሚመስል ነጭ ቅይጥ ሞላው። ከፊሉ በቤተ ሙከራ የተሠራ ማዕድን፣ ከፊሉ ከበሬ አጥንት የተጣራ ነበር። ቅይጡ ለግንበኛ እንደሚቆም መወጣጫ ነው፤ ሰውነቷ ቀስ በቀስ እያሟሟ በስፍራው የራሷን አጥንት ይገነባል። ያኔ በፊልሙ ላይ ጥቁር የነበረው ጉድጓድ አሁን የሚዛን ከተማን ጉም መስሎ ነጥቷል።

«የትኛው ነው የእኔ?»

«ከእንግዲህ ማንም አይለየውም።» ዶክተሩ በእስክሪብቶው ጫፍ አንዲት ጥግ አሳያት። «እዚህ ጋ ግን ክፍተት ቀርታለች። ዛሬ በዚያው ቅይጥ እንሞላታለን። ከተተወች መንጋጋሽ ጠንከር ያለ ቆሎ ስታኝኪ እንኳ ሊሰበር ይችላል። እናትሽ ከካርድ ክፍል ሲመለሱ ቅጹን አንብበሽላቸው ይፈርሙ።» ቅጹን ሰጥቷት እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ቅጹ እንደ ያኔው በእንግሊዝኛ ነው። ሐሴትን ያስፈራትም እሱ ነበር።

ያኔ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነበር። እናቷ የዓለምዘርፍ በገበያ ልብስ ትነግዳለች፤ በጾም ወራት የሳል ሽሮፕ ሲታዘዝላት እንኳ «ወተት የለበትም?» ብላ ሳትጠይቅ አትቀምስም። ሐሴት ቅጹን መስመር በመስመር እየተረጎመችላት ሄዳ፣ የበሬው አጥንት የተጠቀሰበት ጋ ስትደርስ ዘለለችው።

«ታዲያ የሚከቱብሽ ምንድን ነው?» ብላ ነበር እናቷ።

«ማዕድን ነው እማዬ። ድንጋይ በይው።»

እናቷም አምና ፈረመች።

ያ ውሸት ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ኖረ። ባለፈው ሳምንት ግን ሐሴት ከወፍጮ ቤት ስትመለስ፣ ጉሙ በወረደበት የቡና ማሳ ዳር አንድ በሬ ብቻውን ቆሞ አየች። እረኛ የለውም፤ ገመድ የለውም። ዓይኑን ከእርሷ ላይ ሳይነቅል ያመሰኳል። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። ድንገት የገዛ መንጋጋዋ ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እርጋታውን ጠብቆ፣ ከበሬው እኩል። አፏ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም።

ሮጣ የሄደችው ጎረቤታቸው ወደሆነችው ጓደኛዋ ወደ ሜሮን ነበር።

«ሜሮንዬ፣ እኔ እንቁላልና ወተት ትቼ ስጾም አጥንቴ ሳይጠይቀኝ በሬ ሲበላ ከርሟል።»

«እንዴ! እምቧ ማለት ስትጀምሪ ጥሪኝ፤ ቪዲዮ እቀርጽሻለሁ።» ሜሮን ሳቀችና የጓደኛዋን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠች። «ስሚ፣ አትጃጃዪ። ሐኪሙ ድጋሚ ልሙላው ቢል፣ እናትሽ ከሰማች ሁለተኛ አትፈርምልሽም። በዚህ ዕድሜሽ እንደ አሮጊት ገንፎ ልትውጪ ነው? ዝም በያት ባክሽ!»

አሁን የሕክምና ክፍሉ በር ተከፈተና እናቷ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ገባች።

«የት ላይ ነው የምፈርመው? ቶሎ በዪ፣ ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ።» ፍልሰታ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ያው ያኔ ያደረጉልሽ ነው አይደል? ድንጋዩ?»

የሐሴት ምላስ ሳታዝዘው ወደዚያ ቦታ ሄደ። ቦታው ለብ ብሏል። ከድዷ ሥር አንድ ነገር ማላመጡን ገትቶ መልሷን የሚያዳምጥ መሰላት። አንዲት «አዎ» ብቻ በቂ ነበረች፤ ክፍተቱ ይሞላል፣ መንጋጋዋ ከመሰበር ይድናል። እናቷ ለእስክሪብቶው እጇን ዘረጋች።

ሐሴት እስክሪብቶውን ወደ ኋላ ሸሸገችው።

«እማዬ፣ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ያኔ አንድ መስመር ዘልዬብሽ ነበር።»

የእናቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሐሴት ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ እያንዳንዱን ቃል አንድ በአንድ ተረጎመችው፤ የበሬውንም፣ የአጥንቱንም።

እናቷ ረጅም ጊዜ አየቻት። የምታየው ዓይኗን ሳይሆን መንጋጋዋን ነበር፤ ሰው ደጃፉ ላይ የቆመ እንግዳን እንደሚያይ።

«ማን ባርኮ አረደው?» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«አልተጻፈም።»

«ጾሙን ሁሉ... በአፍሽ ይዘሽው ቆረብሽ?»

ሐሴት አንገቷን ደፋች። «አዎ።»

እናቷ ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እፈርማለሁም፣ አልፈርምምም አላለችም። እርጥቡን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አጠፈችው።

«ሐኪሙ እስኪመለስ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» አለች። «ምንም ሳትዘልዪ።»

ሐሴት ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠግታ ከርዕሱ ጀመረች።