የብሪታ መኪና

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አለ ሶረን።

ብሪታ የአጃ ገንፎዋን ማንኪያ እንደያዘች ቀና አለች። ወንድሟ የመኪናዋን ሊብሬ ከሳህኗ አጠገብ ዘርግቶ እስክሪብቶ አጋድሞበታል። ትናንት ከሥራ ሲመለስ የለበሰውን ጭቃማ ቱታ እንኳ አላወለቀም።

«ምንድን ነው?»

«ስም ማዛወሪያ። ገዢ አግኝቼልሻለሁ። ከወንዙ ማዶ ነው፤ አሁን መጥቶ በጭነት መኪና ይወስዳታል።»

«ማን ልሽጥ አለህ?»

«አሮጊት ናት እኮ፣ ብሪታ። ከአያታችን ጋር አብራ ነው ያረጀችው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እንቢ አለው። አያታቸው ከመሞታቸው በፊት መኪናዋን በብሪታ ስም አዙረውላት ነበር። መንዳት ያስተማራት ደግሞ ሶረን ነው። ሐሙስ ዕለት የእሱ ፒክአፕ አልነሳ ስላለው ለሥራ የሷን ተውሶ ሄደ። ሰሞኑ ስኳር የሚመረትበት ሥራሥር ከመሬት የሚወጣበት ነው፤ መሬቱ በበረዶ ሳይደርቅ ሁሉንም ለማንሳት ሰው እንቅልፍ የሚባል ነገር ይረሳል። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ከጋራዥ አልወጣችም። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ አትንኪያት ብሏታል።

«ቀኑን ደግሞ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የረቡዕ አድርጊው።»

ብሪታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር።

ተነስታ ወደ ጋራዡ ሄደች። «ቆይ! ቆይ አልኩሽ!» እያለ ተከተላት። መኪናዋ ላይ የተጣለውን ሸራ ገለጠችው። የቀኙ ፓራፋንጎ ወደ ውስጥ ተጨራምቷል፤ የፊት መብራቱ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

«አጋዘን ነው» አለ ሶረን ከኋላዋ። «በዚህ ሰሞን የማይገጭ ማን አለ?»

«ሥጋውስ?»

እነሱ አገር አጋዘን የገጨ ሰው እዚያው ቆሞ ለሸሪፉ፣ ለአካባቢው ፖሊስ ኃላፊ፣ ይደውላል፤ ፈቃድ ይቀበልና ሥጋውን ለጎረቤት ያካፍላል። መንገድ ላይ ትቶ መሄድ ነውር ነው። ባለፈው ዓመት ሶረን ራሱ አንድ ገጭቶ፣ የጎረቤታቸውን የወይዘሮ ሃውገንን ማቀዝቀዣ ሳይቀር ሞልቶ ነበር። ብሪታ በተሰበረው መብራት ዙሪያ ጣቷን አስኬደች። አንዲት ፀጉር የለችበትም።

ያኔ የወጥ ቤቱ በር ተንኳኳ።

ሶረን ሸራውን መልሶ ጎተተና ክንዷን ጨበጠ። «ምንም እንዳትናገሪ።» ጠንክሮ ነበር የያዛት። ብሪታ ከዚያን ቀን በፊት ወንድሟን ፈርታ አታውቅም።

የመጡት ወይዘሮ ሃውገን ነበሩ። «እናትሽ ያዘጋጀችውን ምግብ ልወስድ ነው የመጣሁት፣ የኔ ልጅ። ለኦርቪል ቤተሰብ ከየቤቱ እየሰበሰብኩ ነው።»

ብሪታ የምግቡን ትሪ ከማቀዝቀዣ አወጣች። «ኦርቪልስ እንዴት ናቸው?»

«አልነቃም። ዳሌው ደቅቋል። እግሩን ሊያፍታታ በወጣ፣ ገጭተውት ቦይ ውስጥ እንደ ውሻ ጥለውት ሄዱ! ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጆች በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲያመላልስ የኖረ ሰው!» አሮጊቷ ዓይናቸውን ጠረጉና ፊታቸው ፈካ አለ። «አንቺ ግን ኮርተሻል! ሐሙስ ሲመሽ በወንዙ መንገድ ጣቴን ባነሳልሽ ዝም ብለሽኝ እልፍ!»

በዚያ መንገድ የሚተላለፍ ሁሉ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ ያደርጋል። ሰላምታው ለመኪናው ነው፤ የትኛው መኪና የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃልና የነጂውን ፊት ልይ የሚል የለም።

«እኔ...» አለች ብሪታ።

«እየቀለድኩ ነው፣ ምን ያስደነግጥሻል! ኦርቪል በተገጨበት ሰዓት ያያችሁትን መኪና ሁሉ ንገሩኝ ብሏል ሸሪፉ። እነኦልሰን ቤት ደርሼ ስመለስ ወደሱ ነው የምሄደው። አንቺንም መጠየቁ አይቀርም፤ ያየሽው ካለ ትነግሪዋለሽ።»

በሩ ሲዘጋ ሶረን ከጋራዡ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ላንዳፍታ ነው ያንቀላፋሁት» አለ።

«ወርደህ አየኸው?»

«ኮፍያውን አየሁ። እሱ መሆኑን አወቅሁ። የሞተ መስሎኝ ነው፣ ብሪታ! ሞቷል ብዬ...»

ብሪታ የልጅነታቸው አውቶቡስ ታያት፤ በበረዶው መሃል በሩን ከፍቶ የቆመው፣ ሶረን አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ እየሮጠ እስኪደርስ። ኦርቪል አንድም ቀን ጥሏቸው አልሄደም።

«ፈርሚ» አለ ሶረን። «ረቡዕ ሸጫታለሁ ካልሽ ሐሙስ ያንቺ አልነበረችም፤ ማን ምን ይልሻል? ላንቺም ብዬ ነው! ሰማሻት አይደል፤ አንቺ የነዳሽ ነው የመሰላት።»

«አንተ እንደሆንክ ታውቃለህ።»

«እታሰራለሁ እኮ! እማዬን አስቢያት።»

እስክሪብቶውን አነሳች። በመስኮቱ በኩል፣ ከወንዙ አቅጣጫ፣ የጭነት መኪና አቧራ ሲነሳ ታየ። ሶረንም አየው፤ «ቶሎ በይ፣ በናትሽ» አለ፤ የልጅ ድምፅ ነበር።

ብሪታ እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው። ሊብሬውን አጥፋ ጃኬቷ ኪስ ከተተችና በሩን ከፈተች።

«የት ነው?»

«ወደ መንገዱ።»

«ብሪታ!»

ጠጠሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች። ልቧ ተመለሺ፣ ተመለሺ ይላታል። መንገዱ ዳር ስትደርስ የጭነት መኪናው ገና ድልድዩን እየተሻገረ ነበር። ከወዲያኛው አቅጣጫ፣ ከእነኦልሰን በኩል፣ ወደ ሸሪፉ የሚሄደው የወይዘሮ ሃውገን ሰማያዊ ፒክአፕ ቀረበ። ከመስታወቱ ኋላ ጣታቸው ከመሪው ላይ ብድግ ሲል አየችው።

ብሪታ ጣቷን አላነሳችም። ክንዷን በሙሉ ወደ ላይ ዘርግታ ቆመች።

ፒክአፑ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላዋ የቤቱ በር በኃይል ሲከፈት ሰማች፤ ከዚያም ጠጠሩ ላይ የሚመጣ እርምጃ። አጠገቧ ሊቆም ይሁን ሊጎትታት አላወቀችም። ዞራ አላየችም፤ እጇንም አላወረደችም።