የተረከዙ ድንጋይ

ዋናው አስጎብኚ እንደ ልማዱ ፊቱን ለእንግዶቹ ሰጥቶ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ሲያወራ ከግንቡ አናት ወደቀ። እንግዶቹ የጥንታዊቷን ከተማ ክብረ በዓል ሊያዩ የመጡ ነበሩ። ከተማዋን በአንድ አህያ ለጠላት ስለሸጠው የድሮ በረኛ በነገራቸው ቀልድ ገና ስቀው አልጨረሱም ነበር። ማንም አልገፋውም ሲሉ ሁሉም ማሉ።

መርማሪው ግንቡ ላይ ሲወጣ ገደሉን ትቶ ወለሉን አየ። ከጫፉ በፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጦ የቆየበት ምልክት አለ፤ ድንጋዩ ግን ተነስቶ ጥግ ተደግፏል። ከተማው ግን ፈርዶ ጨርሷል። ሹመቱን ሲመኝ የኖረው ሁለተኛው አስጎብኚ ገዳይ ተብሎ፣ ሚስቱ ከሰው ዓይን ሸሽታ በሯን ዘግታለች።

መርማሪው ሦስት ሰዎችን ለየብቻ አነጋገረ። ሁለተኛው አስጎብኚ፣ «እርምጃውን በልቡ ይቆጥር ነበር፤ ከእንግዶቹ ጀርባ ቆሜ ስንቴ ተገርሜያለሁ» አለ። ግንበኛው ድንጋዩን ያኖረው ለደከመው መቀመጫ እንዲሆን ብሎ እንደሆነ ተናገረ። ከጎን ባለው የደረጃ በር የምትውለው ቁልፍ ያዥ፣ ከተማው ‹ባለአህያዋ› የሚላት፣ ከንፈሯን መጠጠች።

«የሰውዬው ዓይን ተረከዙ ነበር፤ አንድ ቀን እንደሚከዳው አውቅ ነበር» አለች።

መርማሪው በማግስቱ ሦስቱንም ግንቡ ላይ ሰበሰባቸው።

«ሟቹ አይቆጥርም ነበር» ሲል ጀመረ። «ተረከዙ ድንጋዩን ሲነካ ይቆማል፤ ድንጋዩን ያነሳው ሰው ይህን ያውቃል። ሁለተኛው አስጎብኚ ከእንግዳ ጀርባ ሆኖ የሟቹን እግር አያይም፤ ይቆጥራል ብሎ ያምናል። ግንበኛው ድንጋዩን መቀመጫ ነው ይላል። ተረከዙን ከጎን ሲያዩ የኖሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ። ጠዋት ማንም ሳይመጣ በሩን የሚከፍቱትም እርስዎ ነዎት። ‹ባለአህያዋ› ያሰኘዎ ያ በረኛ ምንዎ ነበር?»

ሴትዮዋ አልካደችም። «አያቴ ነው። በሩን አልሸጠም፤ እዚያው በሩ ላይ ሞተ። ይሄ ሰው ግን እንግዳ ባሳቀ ቁጥር በአህያ ሸጠው። ልጄን ያጯት ሰዎች ሊጎበኙ መጥተው ሰሙ፤ ሰርጓ ቀረ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹ቀልድ እኮ ነው› አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ጌታዬ። ደስ ብሎኛል።»

እውነትም ደስ ብሏት ነበር፤ መርማሪው እየተከተላት ቀና ብላ ደረጃውን ወረደች። ከታች አዳዲስ እንግዶች ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ስሙ የነጻለት ሁለተኛው አስጎብኚ ቀድሟት ወርዶ ፊቱን ለእንግዶቹ ሰጠ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በዚህ በር» አለ፣ «ከተማዋን በአህያ የሸጠ አንድ በረኛ ነበር። ያቺ የምትመጣው ደግሞ የልጅ ልጁ ናት።»

እንግዶቹ ዞረው አዩዋት። አንዱ ሳቀ።